«እንጀራ» እና «ዳቦ» የሚለያዩት በምንድን ነው?

ጥያቄ፦ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ብላቴናው የያዘው «አምስት የገብስ እንጀራ» ተብሎ ተተርጉሟል። በገሊላ ምጣድና አክንባሎ እንዳልነበረ ግልጽ ነውና፣ «ዳቦ» ቢባል አይሻልም ነበር?

መልስ፦ በእኔ አስተያየት ተርጓሚዎቹ ትክክል ናቸው። በአሠራር ካየነው በእርግጥ ሁለቱ ይራራቃሉ፤ የእንጀራ ሊጥ በእርሾ ቦክቶ፣ አብሲት ተጥሎበት ኩፍ ሲል በጋለ ምጣድ ላይ በስሱ ይዞርና ተከድኖ ዓይን ያወጣል፤ ድፎ ዳቦ ግን ወፍራም የስንዴ ሊጥ ሆኖ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ፣ ከላይም ከታችም እሳት እየነካው ይበስላል፤ ስሙም «ደፋ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ይሁን እንጂ ወንጌሉ የሚናገረው ስለ ዕለት ምግብ ነው፤ በአማርኛ ይህን ቦታ የያዘው ደግሞ እንጀራ ነው። ከጤፍም ሆነ ከገብስ ወይም ከማሽላ ቢጋገር ስሙን አይለቅም። ሰው «እንጀራ ፍለጋ» ይሰደዳል፣ «እንጀራ ወጣለት» ይባላል፤ ዓረብ አገር ሩዝ እየበላች የምትሠራው እኅታችንም የሄደችው እንጀራ ፍለጋ ነው። ዳቦ ግን በአብዛኛው የበዓልና የምርቃት ነው፤ ስም ሲወጣ ይቆረሳል፣ ነሐሴ 13 ቀን ለቡሄ ጨፋሪዎች ሙልሙል ሆኖ ይሰጣል። ሁለቱን በአንድነት ሊጠራ ይችል የነበረው የግእዙ «ኅብስት» (ከዐረብኛው «ኹብዝ» ጋር ሥሩ አንድ ነው) በአማርኛ ይበልጥ የቤተ ክርስቲያን ቃል ሆኖ መቅረቱ ያሳዝነኛል። ግብፃውያን በበኩላቸው ዳቦን «ዓይሽ» ይሉታል፤ ትርጉሙም «ሕይወት» ነው።

ተጨማሪ አስተያየት፦ ዳቦ ምን እንደሆነ ሕግ የሚወስንበትም አገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2020 የአየርላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአንድ ፈጣን ምግብ ቤትን ዳቦ መርምሮ፣ ስኳሩ ከዱቄቱ ክብደት 10 በመቶ ያህል ስለሆነና ሕጉ ከ2 በመቶ በላይ ስለማይፈቅድ፣ ለግብር ጉዳይ «ዳቦ» ሊባል አይችልም ብሏል። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የአይሁድ ሥርዓት ነው፤ በዚያ የዳቦ ቡራኬ የሚደርሰው ስንዴና ገብስ ከሚገኙባቸው አምስት እህሎች ለተጋገረው ብቻ ነው። ጤፍ ከአምስቱ ስለማይቆጠር፣ በእስራኤል ባሉ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ገበታ ላይ የሚቀርበው ንጹሕ የጤፍ እንጀራ፣ በብዙ ረቢዎች ዘንድ የዳቦ ቡራኬ አይደርስበትም፤ የስንዴ ዱቄት ከተቀላቀለበት ደግሞ ጥያቄው እንደ አዲስ ይነሣል።