100 ኤል ስንት ፋዘም ነው? ሦስት ቦታ ሦስት መልስ አገኘሁ

በጣጣው፦
ሰላም ጎበዞች፣ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ነገር ናላዬን እያዞረው ነው። የድሮ የመርከብ ጭነት ዝርዝር ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነበር፣ ጨርቁ በኤል ነው የተለካው፣ ገመዱና የባህሩ ጥልቀት ደግሞ በፋዘም፣ እና ሁለቱን በአንድ መለኪያ ላያቸው ፈልጌ ኤክሴል ላይ 100 ኤል ብዬ ጀመርኩ። በራሴ ወደ ሜትር ቀይሬ ሳካፍለው 62.3 ፋዘም መጣ፣ አንዱ ድረገጽ 62.5 አለኝ፣ ሌላው 37.5 አለኝ። ሁለቱ እሺ ይቀራረባሉ፣ 37.5 ግን ከየት ነው የመጣው?? ደግሞ ኤሉን "ክንድ" ብዬ ነው የተረጎምኩት፣ ችግር አለው እንዴ?

ክርና መርፌ፦
ሃሃ ሁለቱም ድረገጾች ልክ ናቸው፣ የሳትከው አንተ ነህ። ኤል ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ርዝመቱ እንደየአገሩ ነው፣ የእንግሊዙ 45 ኢንች ነው፣ የፍላንደርሱ (የዛሬው ቤልጂየም አካባቢ) 27፣ የስኮትላንዱ 37 ገደማ። ፋዘም 6 ጫማ ማለትም 72 ኢንች ስለሆነ 4500 ለ72 ስታካፍል 62.5፣ 2700 ለ72 ስታካፍል ደግሞ 37.5፣ በቃ ይኸው ነው። ያንተ 62.3 ምን እንደሆነ ልንገርህ፣ 1.143 ሜትሩን 1.14፣ 1.8288ቱን ደግሞ 1.83 ብለህ አጠጋግተሃል፣ ልክ ነኝ?

እኔ ብሆን ሜትር የሚባል ነገር ውስጥ ጭራሽ አልገባም። የጨርቅ ነጋዴዎች ኔይል የምትባል ትንሽ መለኪያ ነበረቻቸው፣ ቃሉ ሚስማር ማለት ነው፣ የያርድ አንድ አስራ ስድስተኛ፣ ማለትም 2.25 ኢንች። በእሷ ስትቆጥረው ሁሉም ነገር ሙሉ ቁጥር ይሆንልሃል፣ ያርድ 16፣ የእንግሊዝ ኤል 20፣ የፍላንደርስ ኤል 12፣ እና ፋዘም የባህረኛ ሆኖ ሳለ ቁጭ ብሎ 32 ይመጣል። ስለዚህ 8 የእንግሊዝ ኤል 5 ፋዘም ነው፣ 8 የፍላንደርስ ደግሞ 3 ፋዘም፣ ነጥብ ምናምን የለ። ስኮትላንዱ ብቻ ነው እምቢ የሚለው፣ እሱን በኢንች ሥራው።

"ክንድ" ያልከውን ግን ቀይረው። ስሙ እውነትም ከክንድ የመጣ ነው፣ ግን አማርኛ አንባቢ ክንድ ስትለው ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ ነው የሚያስበው፣ እሱ 18 ኢንች ገደማ ነው፣ የእንግሊዝ ኤል ደግሞ የዚህ ሁለት ተኩል እጥፍ። 100 ኤል ጨርቅ "100 ክንድ" ብለህ ከጻፍክ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ጨርቅ ዋጥክበት ማለት ነው።

በጣጣው፦
ኧረ ልክ ነህ ማጠጋጋቱ ነው፣ ሴሉን ከፍቼ ሳየው 1.14 ብዬ ቁጭ አድርጌዋለሁ፣ አፈርኩ። በኔይል ስሠራው 62.5 ቁልጭ ብሎ መጣ። ሌላ ጥያቄ፣ እዚያው ላይ "3 ኬብል ርቀት" የሚል አለ፣ ኬብል 100 ፋዘም ነው አይደል?

መልህቅ ጣይ፦
አንዳንዴ ነው እንጂ ሁሌ አይደለም፣ እኔም በዚህ ተበልቻለሁ። 100 ፋዘም ካልከው 182.88 ሜትር ነው፣ የአሜሪካ ባህር ኃይል ግን 120 ፋዘም ነው የሚለው፣ እሱ 219 ሜትር ከምናምን ይሆናል፣ ሌላው ደግሞ የባህር ማይል አንድ አስረኛ የሚባለው ሲሆን ዛሬ 185.2 ሜትር ነው። ማይሉ ራሱ 1852 ሜትር የተባለው በ1929 ሞናኮ ላይ በተደረገ ስብሰባ ነው፣ እንግሊዞች ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት 6080 ጫማ እያሉ ቀጥለዋል፣ ስለዚህ የድሮ ሰነድ ላይ 1852ን ዝም ብለህ አትጠቀም። ደግሞ የመርከብ ርቀት በዓይን ግምት የሚጻፍ ነገር ስለሆነ 3 ኬብል ያለው ሰውዬ በሜትር አልለካውም፣ እዚያ ላይ ነጥብ ካስገባህ ያስቅብሃል።

የኔይሏን ነገር ሳይ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ የድሮ መርከብ ፍጥነት መለኪያው ገመድ ላይ በ28 ሰከንድ የአሸዋ ሰዓት ሲቆጠር በሁለት ቋጠሮ መሃል 47 ጫማ ከ3 ኢንች ነበር፣ አሁን አካፍዬ ሳየው ልክ 21 የፍላንደርስ ኤል ይመጣል! አጋጣሚ ነው፣ ማንም አስቦበት አይደለም፣ ግን ደስ አይልም?

ዝምተኛው፦
ከሁሉም በፊት ዕቃው ከየትኛው ወደብ ነው የተጫነው? ስዊድንና ዴንማርክ ከሆነ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም፣ እዚያ የነሱ ፋዘም ልክ ሦስት የነሱ ኤል ነው፣ ኤላቸው ሁለት ጫማ ስለሆነ። ግን ጫማቸው ይለያያል፣ የስዊድኑ ፋዘም 1.78 ሜትር ነው፣ የዴንማርኩ 1.88። ፈረንሳይ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቅ፣ እንግሊዞች በሒሳብ መጻሕፍታቸው የፈረንሳይ ኤል ብለው 54 ኢንች ይጽፋሉ፣ ፓሪስ ራሷ የምትለካበት ግን 1.188 ሜትር ገደማ ነበር፣ 47 ኢንች እንኳ አይሞላም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ከሆነ ከቁጥሩ አጠገብ ምህጻር ፈልግ፣ የእንግሊዙን በሁለት ኢ፣ የፍላንደርሱን በኢና በኤፍ ኤል ነበር የሚያሳጥሩት።

በጣጣው፦
ወይኔ!! አለች፣ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የተጫጫረች ነገር አለች፣ እኔ የጸሐፊው ፊርማ መስላኝ ዘልያት ነበር፣ አሁን ፎቶውን አጉልቼ ሳየው ኢ ከዚያ ኤፍ ኤል ነች፣ አንዱ ገጽ ላይ ብቻ ሁለት ኢ አለ። ማለት 37.5 ያለው ድረገጽ ነበር ለኔ የሚሆነው። አሁን 20ውን በ12 እየቀየርኩ ሼቱን ከላይ እስከ ታች እንደገና እያስኬድኩት ነው፣ ያችን አንዷን ገጽ ትቼ።