ሥዕሌን ሳይራራ የሚተችልኝ ሰው አለ?

ሰላም ወገኖች፣ ጎንደር ነኝ። የምተዳደረው ሥዕል እየሸጥኩ ነው፤ መተዳደር ከተባለ። ገበያው የሚፈልገው የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ የሞሉትን ክንፋም የመላእክት ፊቶችና የፋሲል ግንብን ነው። ለጥምቀት ይሸጣል፤ ከዚያ ጭር ይላል።

የራሴን ሥራ ማታ ማታ በዘይት ቀለም እሠራለሁ። ጓደኞቼ ሲያዩት «አሪፍ ነው፣ በርታ!» ብቻ። በርታ ምን ያደርግልኛል? ጉልት የተቀመጠች ሴት ስዬ እጇ እንጨት መሰለብኝ። ጥላው ይሁን አጥንቱ አልገባኝም። አንድ አስተናጋጅ ብቻ «ብርሃኑ ከሁለት በኩል ነው እንዴ የሚመጣው?» አለኝ። እውነቱን ነው! እንዲህ ያለ ዓይን ነው የቸገረኝ።

አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማራችሁ፣ ፎቶ ብልክ ትተቹልኛላችሁ? የቱሪስቱንስ ሥራ ልተወው ወይስ ጎን ለጎን ላስኪደው? የቤት ኪራዩን እያሰባችሁ መልሱልኝ።