ኤአይ በሚያወጣው ረቂቅ ላይ ቡድናችን አልተስማማም፤ ምን ያህል እንመነው?

ተርጓሚዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሥራችን የጤና ጽሑፎችን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ መተርጎም ነው። አሁን የመጀመሪያውን ረቂቅ ኤአይ ያወጣል፣ እኛ እናርማለን። ችግሩ፣ ግማሾቹ ባልደረቦቼ አማርኛው ስላማረ ብቻ በወጉ ሳያዩ ያሳልፉታል። ሌሎቹ ደግሞ ጨርሶ ስለማያምኑት ከባዶ ይጽፉታል። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ "በቀን 2 ጊዜ" መባል ያለበት "በየ2 ሰዓቱ" ሆኖ ቢያልፍስ የሚለው ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ እንከን የለውም፣ ታማሚው ግን ይጎዳል። እናንተ ጋ እንዴት ነው? ምን ያህል ነው የምታምኑት?

በረራ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ "በምኑ እንመነው" ብላችሁ ጠይቁ። እኔ አውሮፕላን ጥገና ላይ ነኝ። የቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ላይ የነበረው፣ ኤምካስ የሚባለው አውቶማቲክ ሲስተም ኤአይ አልነበረም፣ ችግሩ ግን ያው ነው፤ ሰው ከማሽን ጋር እየሠራ ማሽኑ ምን እያየ እንደሆነ አያውቅም። ኤምካስ የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች ይገፋ ነበር፣ ያውም የአንድ ሴንሰር ንባብ ብቻ ይዞ። እ.ኤ.አ. በ2018 የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር አውሮፕላን ከነ189 ሰዎቹ ሲከሰከስ እንዲህ ያለ ሲስተም መኖሩ በአብራሪዎቹ ማኑዋል ላይ እንኳ አልተጻፈም ነበር። ከወራት በኋላ፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰው አጣን። ይኼን ሳስብ አሁንም ያመኛል። መሣሪያው ምን ላይ እንደሚሳሳት ካላወቃችሁ፣ ያመነውም የጠረጠረውም በጭፍን ነው የሚሠራው።

ጠበቃው፦
አንድ ነገር ልጨምር። ትክክል መሆኑን ራሱን ኤአዩን አትጠይቁት። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒውዮርክ ውስጥ ጠበቆች ቻትጂፒቲ ከራሱ የፈጠራቸውን ፍርዶች ለፌዴራል ፍርድ ቤት አስገቡ። አንደኛው ጠበቃ "ይኼ ጉዳይ እውነተኛ ነው?" ብሎ ጠይቆት ነበር፣ አዎ አለው። 5,000 ዶላር ተቀጡ። ኤአዩ ሲያውቅም ሲሳሳትም አነጋገሩ አንድ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
ጠበቃው ልክ ነው፣ ግን "አጣሩ" ብሎ መተው አይበቃም። ገጽ በገጽ ደህና ሆኖ ሲያገኘው የሰው ዓይን ይሰንፋል፣ ጎበዙም ቢሆን። እኛ ያገኘነውን ስህተት በሙሉ አንድ የጋራ ሰንጠረዥ ላይ መመዝገብ ጀመርን። ስህተቱ የሚበዛበት ቦታ ቶሎ ነው የለየው፦ ቁጥር፣ የመድኃኒት ስም፣ ከዚያ ደግሞ "አይውሰዱ" የነበረው "ይውሰዱ" የሚሆንበት። አማርኛው የፈለገውን ያህል ቢያምር እነዚህን አንድ ሰው ከዋናው ጋር ያመሳክራል። መግቢያና አጠቃላይ ምክር ላይ ብዙ አንቆይም። ጭቅጭቁም ቀነሰ፣ ምክንያቱም አሁን የምናወራው ስለ መዝገቡ ነው። መሣሪያው አፕዴት ሲደረግ ግን የድሮውን መዝገብ አትመኑ፣ እንደገና ፈትሹ።

ተርጓሚዋ፦
ተባረኩ። የሚያመሳክረው ሰው ረቂቁን ካረመው የተለየ ነው? አለቃችን የሚለካን በገጽ ብዛት ስለሆነ ሁለተኛ ሰው መመደብ ይከብደዋል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
አዎ፣ የተለየ ነው፣ እሱን ነጥብ እንዳትለቁ። ያረመ ሰው ሲደግመው የሚያነበው መጀመሪያ የገባውን ነው። ለአለቃሽ የስህተት መዝገቡን አሳዪው፤ እኛ ጋም የተፈቀደው እሱ ከታየ በኋላ ነው።