ቪዛግ ያላችሁ ወገኖች፦ ሲምሃቻላም የሰንደል በዓል ተጋብዣለሁ፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ሕንድ፣ ቪሻካፓትናም (ቪዛግ) ከመጣሁ አራት ወሬ ነው፤ አንድራ ዩኒቨርሲቲ ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። ያከራዩኝ እናት ኮረብታው ላይ ወዳለው የሂንዱ ቤተ መቅደሳቸው፣ ወደ ሲምሃቻላም፣ አብሬያቸው እንድወጣ ጠየቁኝ። «በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚታየው» ይሉኛል። እምቢ ብል እንዳላስቀይማቸው፣ እሺ ብል ደግሞ ከሃይማኖቴ እንዳልጋጭ ሰጋሁ። ኦርቶዶክስ ነኝ። የምታውቁ ምከሩኝ።

መልስ፦

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። እኔ እዚህ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ስጋበዝ ፈተና አለብኝ ብዬ ቀረሁ። አከራዬ አማ (እዚህ እናትን የሚጠሩት እንዲህ ነው) ማታ ሲመለሱ በቅጠል የተጠቀለለች ቁራሽ እርጥብ ሰንደል ይዘውልኝ መጡ። ሌሊቱን ሙሉ ተሰልፈው፣ እግራቸው አብጦ፣ ፊታቸው ግን በርቶ ነበር። ምን እንደሰጡኝ እንኳ አላወቅኩም። ቤታቸው እየኖርኩ የዓመቱን ትልቅ ቀናቸውን አለማወቄ ከነከነኝ። ስለዚህ ከመሄድሽም ከመቅረትሽም በፊት ታሪኩን ይንገሩሽ፤ አማዬ ሲተርኩ ቡናቸው ይቀዘቅዝ ነበር።

ሲምሃቻላም ማለት የአንበሳ ኮረብታ ማለት ነው። የሚመለከው ከሂንዱ ታላላቅ አማልክት አንዱ ቪሽኑ ነው፤ ግን በሁለት መልኩ ተጣምሮ፣ ምድርን ከባሕር ጥልቅ ያወጣው ከርከሮና ግማሽ ሰው ግማሽ አንበሳ የሆነው ናራሲምሃ። ተረቱ እንዲህ ነው። ሂራኒያካሺፑ የሚባል ንጉሥ ሰውም አውሬም እንዳይገድለው፣ በቀንም በሌሊትም፣ በቤት ውስጥም በውጭም፣ በምድርም በሰማይም እንዳይሞት ቃል ተሰጥቶት ነበር። ከዚያ እኔን አምልኩ አለ። የገዛ ልጁ ፕራህላዳ እምቢ አለው። ከገደል አስወረወረው፣ ባሕር ውስጥ አስጣለው፤ ልጁ አልሞተም። በመጨረሻ አባትየው ምሰሶውን እየመታ «አምላክህ እዚህ ውስጥም አለ?» ሲል ምሰሶው ተሰነጠቀና ናራሲምሃ ወጣ። ሰዓቱ ድንግዝግዝ ነው፣ ቀንም ሌሊትም አይደለም። ቦታው የበሩ ደፍ ነው፣ ውስጥም ውጭም አይደለም። ንጉሡን ጭኑ ላይ አስተኝቶ በጥፍሩ ገደለው። የአገሬው ሰው ልጁ የተወረወረው ከዚሁ ኮረብታ ነው፣ ቤተ መቅደሱን መጀመሪያ የሠራውም እሱ ነው ብሎ ያምናል።

ሰንደሉ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ዘመን አልፎ ቦታው ተረሳ፤ ምስሉን ኩይሳ በላው። ፑሩራቫስ የሚባል ንጉሥ ከሰማይዋ ቆንጆ ከኡርቫሺ ጋር በሰማይ ሲያልፍ ቦታው ሳበው፤ ወርዶ አፈሩን ጠርጎ ምስሉን አገኘ። ድምፅ መጣለት፦ በኩይሳው ፋንታ በሰንደል ሸፍነው፣ በዓመት አንድ ቀን ብቻ ይታይ። እኛ ቤት የምናጨሰው ሰንደል የዛፉን ስም እንደያዘ ልብ በይ፤ እዚህ እንጨቱን ድንጋይ ላይ በውኃ እየፈጩ እንደ ሊጥ ያደርጉታል። ዓመቱን ሙሉ ምስሉ በዚህ ስለተለበጠ ድቡልቡል ድንጋይ ይመስላል። ታላቁ መምህር ራማኑጃ ሌላው አምላክ ሺቫ መስሎት ሰንደሉን ቢያስገፍፈው ምስሉ ደም አፈሰሰ፣ ደንግጦ መልሶ አስለበጠው የሚል ሌላ ተረትም አላቸው።

በዓሉ የሚውለው አክሻያ ትሪቲያ በሚባለው የሂንዱ ቅዱስ ቀን ነው፤ በእኛ ሚያዝያ ወይም ግንቦት መጀመሪያ። ሌሊት ካህናቱ ሰንደሉን በብር መሣሪያ ቀስ አድርገው ይገፍፉታል፣ ከንጋት ጀምሮ ሕዝቡ ያየዋል፣ ማታ እንደገና ይለበጣል። ልበጣውም በአንድ ቀን አያልቅም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ክረምቱ ሙሉ ጨረቃ ድረስ አራት ጊዜ ይጨመራል። የተገፈፈው ነው ለምእመኑ የሚታደለው። የአማዬ ቁራሽ ያ ነበር።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ ታቦታችን ነው። ዓመቱን በመንበሩ ሆኖ፣ ሲወጣም በመጎናጸፊያ ተሸፍኖ። እምነቱ አንድ ነው አላልኩም፤ የተሸፈነ ነገርን መፍራትና መናፈቅ ግን ለእኛ አዲስ አይደለም። አማዬን የተረዳኋቸው በዚያ በኩል ነው።

ታሪኩን ለሚወድ ደግሞ ግድግዳው ራሱ መጽሐፍ ነው። እዚያ ያለው ጥንታዊ የድንጋይ ጽሑፍ ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ ከደቡብ ሕንዱ የቾላ መንግሥት ንጉሥ ከኩሎቱንጋ ዘመን ነው፤ ስለዚህ ቤተ መቅደሱ ያኔም ነበረ። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኮናርክን የፀሐይ ቤተ መቅደስ ያሠራው የንጉሥ ናራሲምሃዴቫ መንግሥት ዛሬ የምናየውን ሕንፃ አቆመ። እ.ኤ.አ. በ1516 ደግሞ የቪጃያናጋራ መንግሥት ንጉሥ ክሪሽናዴቫራያ የኦዲሻን ንጉሥ ድል አድርጎ መጥቶ የዕንቁ ሐብል ሰጠ፤ ይህንንም ድንጋይ ላይ አስጽፏል። በእኛ የዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን መሆኑ ነው። 96 ምሰሶ ያለውን የሠርግ አዳራሽና በድንጋይ ፈረሶች የሚሳበውን ሠረገላ ሳታዪ አትመለሺ። በሩም ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው፤ አብዛኞቹ ወደ ምሥራቅ ናቸው።

ወደ ጥያቄሽ ስመጣ፣ እኔ ያደረግኩትን ልንገርሽ። ለአማ አስቀድሜ «አብሬዎት እወጣለሁ፣ እንግዳ ሆኜ ቆሜ አያለሁ፣ ስግደቱና የተባረከው ምግብ ግን በእምነቴ አይፈቀድልኝም» አልኳቸው። ቅር ይላቸዋል ብዬ ነበር። «ሃይማኖት ያለው ሰው እንዲህ ነው» ብለው ሙዝ ከቤት ይዘውልኝ ወጡ። በሁመርና በእርድ የተሠራውን ሩዝ ሁሉም እየተቀባበለ ሲበላ እኔ ሙዜን በላሁ፤ ማንም በክፉ ዓይን አላየኝም። እኔ አዳራሹ ጋ ነው የቆምኩት፤ አንቺ እስከየት እንደምትገቢ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተማከሪ። ደግሞ ሁሉም ቦታ አንድ አይደለም፤ ፑሪ ያለው የጃጋናት ቤተ መቅደስ ሂንዱ ያልሆነን ጭራሽ አያስገባም።

ጫማ ማውለቅ ለእኛ ብርቅ አይደለም፣ ግን የሚያዝያ ፀሐይ ያጋለው ድንጋይ ያቃጥላል። ረጅም ቀሚስና ነጠላ ይበቃሻል። የቆዳ ቦርሳ ተዪ።

ሌላ መልስ፦

ወንድማችን ሁሉንም ብሏል፣ እኔ አንድ ነገር ልጨምር። በበዓሉ ቀን ሰዉ እጅግ ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 2025 ሌሊት ከባድ ዝናብ ጥሎ ወረፋው አጠገብ የነበረ ግንብ ተደርምሶ ሰዎች ሞተዋል። እህቴ፣ ዝናብ ካለ ከግንብና ከጠባብ መተላለፊያ ራቂ፤ እናትየውንም ለምነሽ አዘግዪያቸው። ሰልፉ ከከበደሽ በሐምሌ ገደማ ኮረብታውን 32 ኪሎ ሜትር በባዶ እግር የሚዞሩበት ሌሊት አለ። እኔ ባለፈው ዓመት መንገድ ዳር ቆሜ ከጎረቤቶቼ ጋር ውኃ ሳድል አነጋሁ። ኮረብታው ሥር ኮኮናት ሰብረው ነው የሚነሡት፤ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ዛሬ ማታ አማን ጠየቅኳቸው፤ ከፕራህላዳ ጀምረው ገና ምሰሶው አልተሰነጠቀም፣ ነገ ይቀጥላሉ። እንደምወጣም፣ ግን እንደማልሰግድ ነገርኳቸው። ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ነጩን የአገርሽን ልብስ ልበሺ።»