12ኛ ላይ ማንም ያላለፈበት ት/ቤት ልጄን ላስመዝግብ ወይስ ሆሳዕና ልላካት?

የልጅ አባት፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ምክር ፈልጌ ነው። የምንኖረው ከሆሳዕና ወጣ ብላ ያለች ትንሽ ከተማ ነው፣ ያለን የመንግስት ሁለተኛ ደረጃ አንድ ብቻ ነው። ልጄ ሚኒስትሪ ጥሩ ውጤት አምጥታ አሁን 9ኛ ልትገባ ነው፣ ት/ቤቱ ግን ሁለት አመት ተከታትሎ 12ኛ ላይ አንድም ልጅ አላሳለፈም። እኔም እዛው ነው የተማርኩት፣ ያኔ አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነን ተጣበን ነበር የምንቀመጠው፣ ባለፈው ስለምዝገባ ልጠይቅ ስሄድ 11ኛ ክፍል ዴስኮቹ ግድግዳ ስር ተደራርበው አቧራ ጠጥተው አየሁ አንጀቴ ተላወሰ። ወንዶቹማ ሀሳባቸው ሁሉ ደቡብ አፍሪካ ነው። ሆሳዕና ቤት ተከራይቼላት ትማር ወይ? ገና 14 አመቷ ነው፣ እንቅልፍ አጣሁ።

የፊዚክስ መምህር፦
ወንድሜ እኔም እንደናንተ ባለች ከተማ ነው የማስተምረው። ብቻችሁን አይደላችሁም፣ በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ት/ቤቶች 1,328 ነበሩ፣ በ2016 ደግሞ 1,363። እንደ ሀገር ራሱ 50 ከመቶና በላይ ያመጣው በ2015 3.2 ከመቶ፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 ነው። ከ2014 ጀምሮ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲሰጥ የተሸፈነው ገመና ወጣ እንጂ ችግሩ 12ኛ ላይ አልተፈጠረም። 9ኛ ክፍል ፍጥነት ሳስተምር 60ን ለ4 አካፍል ያልኩት ልጅ ደብተሩ ጥግ ላይ ጭረት እየጫረ መቁጠር ጀመረ፣ ሰነፍ ልጅ አይደለም፣ ማካፈልን ቁጭ ብሎ ያስረዳው የለም። አሁን ደግሞ ጎበዞቹን ወላጅ እየወሰደ ክፍል ውስጥ እጁን የሚያወጣ ጠፋ፣ ተማሪ ሲያንስ ሴክሽን ይታጠፋል፣ ሴክሽን ሲታጠፍ መምህር ይዛወራል፣ የኛ የሂሳብ መምህር እንደዛ ነው የሄደው። ብትወስዳት ግን አልፈርድብህም፣ አባት ነህ።

ከጆበርግ፦
እኔ 11ኛን አቋርጬ ነው የወጣሁት፣ ዛሬ ሱቅ አለኝ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ግን እውነቱን ልናገር፣ ታናናሾቻችንን ከክፍል ያስወጣው እኛ የምንልከው ብር ነው። ሰፈር ውስጥ ቤት የሚሰራው የተማረው ሳይሆን የሄደው ከሆነ ልጅ ምን ብሎ ደብተር ይይዛል? መንገድ ላይ የቀሩትን ጓደኞቼን ማንም አያወራላቸውም።

ሪሚዲያል ነኝ፦
ጋሼ እኔ 9ኛና 10ኛን ሆሳዕና ተከራይቼ ተምሬያለሁ። እሁድ እሁድ ቆጮ ተሸክሜ እመለሳለሁ፣ ውሃ መቅዳት፣ ማብሰል፣ ማጠብ ሁሉም በኔ ነው፣ ማታ ሰው በር ሲያንኳኳ መብራት አጥፍቼ ትንፋሼን ይዤ እቀመጥ ነበር። ውጤቴ ወርዶ ቤት ተመለስኩ፣ 12ኛን እዛው ከተማችን ተምሬ ፈተናው ላይ 50 ባይሞላልኝም ሪሚዲያል (ማለፊያ ላልሞላላቸው የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) ገባሁ። ዘመድ ቤት ካልሆነ ብቻዋን አይላኳት በናትዎ።

የልጅ አባት፦
ልጄ ተባረኪ፣ ይሄን ለእናቷ አነበብኩላት፣ ዘንድሮ እዚሁ ትመዝገብ ብለናል። ሶስት የጎረቤት ልጆችም ማታ ማታ እኛ ቤት መጥተው አብረው ያጥኑ፣ እኔም ሂሳብ ትንሽ እሞክራለሁ። መምህር፣ ከስንተኛ ክፍል መፅሐፍ ልጀምር?

የፊዚክስ መምህር፦
ከ6ኛ። ክፍልፋይና አስርዮሽ ላይ አትቸኩሉ፣ አንድ ወርም ይፍጅ። የከበዳችሁን ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፍ፣ ማታ ከ2 ሰአት በኋላ አለሁ።