በእናቴ አክታ ላይ «ክሪስታል» ታየ፤ ምን ማለት ነው?

የኩታበሯ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ 56 ዓመቷ ነው። ከመስከረም ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ያስላታል፣ ደረቷም ሲር ሲር ይላል። ደሴ ወስጃት አክታ ሰጠች። ወረቀቱ «ኤኤፍቢ ኔጌቲቭ፣ ኢኦሲኖፊል በብዛት፣ ቻርኮት ላይደን ክሪስታል ታይቷል» ይላል። ውጤቱን የሰጠን ሰው «ቲቢ የለባትም» ብሎ ሸኘን፣ በቃ። ጎረቤት ደግሞ ቲቢ ነው ብሎ ቡና መጥራት ትቷል። እማዬ ጀበናዋን አፍልታ ብቻዋን ስትጠጣ ማየት አቃተኝ። በአላህ፣ የሚያውቅ ካለ ያስረዳኝ።

የላብራቶሪ ሰው፣ ደሴ፦
አብሽሪ እህቴ። 14 ዓመት አክታ ሳይ ኖሬያለሁ፣ የማውቀውን ልንገርሽ።

ኤኤፍቢ የቲቢ ባክቴሪያን በማይክሮስኮፕ የምንፈልግበት ምርመራ ነው። ስንሠራው አክታውን ቀይ ቀለም ቀብተን በእሳት እናሞቀዋለን፣ ከዚያ በአሲድ እናጥበዋለን። የቲቢ ባክቴሪያ ሰም መሰል ሽፋን ስላለው ቀዩን አይለቅም። ሰማያዊ መደብ ላይ ቀጭን ቀይ ዘንግ ሆኖ ይታያል። ግን በማይክሮስኮፕ እንድናየው በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ከ5,000 እስከ 10,000 ባክቴሪያ መኖር አለበት። ስለዚህ ኔጌቲቭ ማለት «ፈጽሞ የለም» ማለት አይደለም። ጂን ኤክስፐርት የሚባለው፣ የባክቴሪያውን ዘረ መል የሚፈልገው ምርመራ፣ በጣም ጥቂቱንም ያገኛል፤ ካልተሠራላት ጠይቂ።

ክሪስታሉ ሁለት ጫፉ የሾለ መርፌ ይመስላል። ኢኦሲኖፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ሲፈርስ ከውስጡ የሚወጣ ፕሮቲን ነው። ላይደን የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1872 በአስም ሕመምተኞች አክታ ውስጥ እንዳየው ጽፏል። የሌሊት ሳልና ሲር ሲር ካለ እኔም መጀመሪያ የማስበው አስምን ነው። ግን ክሪስታሉ ብቻውን በሽታውን አይናገርም። የወስፋት እጭም በሳንባ ሲያልፍ ኢኦሲኖፊል ያበዛል። ሰገራም ትመርመር።

ምን ታነዳለች? ኩበት እያነደዱ የሚጋግሩ እናቶች አክታ ላይ ጥላሸት የዋጡ ሴሎች ደጋግሜ አያለሁ። አስም ከሆነ ያ ጭስ ያባብሰዋል።

ለጎረቤቶቻችሁም ንገሪልኝ፦ ቲቢ ቢሆን እንኳ በአየር እንጂ በሲኒ አይተላለፍም።

የሐይቋ፦
እኔ የምጨምረው ናሙናውን ነው። ባለፈው ዓመት አባቴ ምራቅ ተፍቶ ሰጠ፣ ማንም አላረመውም። ኔጌቲቭ ተባለ፤ በኋላ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። ሁለት ወር ባከነ። ጠዋት እንደተነሳች አፏን በውኃ ትጉመጥመጥ፣ በረጅሙ ተንፍሳ ከደረቷ ታስል። ወፍራም ይሁን።

የላብራቶሪ ሰው፣ ደሴ፦
እውነቷን ነው። ምራቅ ከሆነ የምናየው የአፍ ጠፍጣፋ ሴል ብቻ ነው፤ ስለ ሳንባ ምንም አይነግረንም።

የኩታበሯ፦
አላህ ይስጣችሁ። አዎ፣ ኩበት ነው የምታነደው፣ ጓዳውም መስኮት የለውም። ሐሙስ ወረቀቱን ይዘን ሐኪም ጋ እንሄዳለን፣ ጂን ኤክስፐርቱንም ሰገራውንም እጠይቃለሁ። ዛሬ ማታ ደግሞ ስለ ሲኒው የጻፍክልኝን ለጎረቤታችን እትዬ አነብላታለሁ።