የዳይሱ ውጤት ታሪኩን ሲያቆምብኝ ምን ላድርግ?

ደሴ ውስጥ ቅዳሜ ማታ ከአራት ጓደኞቼ ጋር የምንጫወተውን፣ በ1974 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመውን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለ ምናባዊ የጠረጴዛ ጨዋታ የምመራው እኔ ነኝ፤ እኔ ታሪኩን እተርካለሁ፣ ተጫዋቾቹ ገጸ ባሕርያቸው የሚያደርጉትን ይወስናሉ፣ መሳካቱን ደግሞ ዳይስ ይለያል። 20 ገጽ ያለው ዳይስ እዚህ ገበያ ስላላገኘሁ የምንጥለው በስልክ ነው፤ እሱ ግን አላስቸገረንም።

ችግሬ ሌላ ነው። በጦሳ አምሳል በፈጠርኩት፣ ጉም በማይለየው ተራራ ላይ ተጫዋቾቹ የጠፋውን የነጋዴ ልጅ ዋሻ ውስጥ እንዲያገኙት አስቤ ነበር። ወደ ዋሻው የሚመራው ብቸኛ ፍንጭ ግን የሚገኘው በፍተሻ ነበር፤ ፈታሹ በዳይሱ ውጤት ላይ 2 ደምሮ 15 መድረስ ስላለበት፣ 13 ወይም ከዚያ በላይ ካልወጣለት ፍንጩን አያገኝም። ዕድሉ 40 በመቶ ብቻ መሆኑን ያሰላሁት ዘግይቼ ነው። 6 ወጣ፤ ታሪኩም እዚያው ቆመ። ግራ ቢገባኝ አንድ እረኛ ከየትም አምጥቼ መንገዱን አስነገርኳቸው፤ ሁሉም ሳቁብኝ፣ እውነታቸውን ነው።

ፍንጩን ያለ ዳይስ ሰጥቼ፣ ዳይሱ ፍለጋው የሚያስከፍላቸውን ጊዜና አደጋ ብቻ እንዲወስን ባደርግ ጨዋታው ክብደቱን ያጣ ይሆን? ወይስ ወደ ዋሻው የሚያደርሱ ሦስት የተለያዩ ፍንጮችን ባስቀምጥ ይሻላል? በተጨማሪም አንዱ ተጫዋች ሁሉንም ሲወስን ቡናዋን ይዛ ዝም የምትለውን ጓደኛችንን ሳላሸማቅቅ ወደ ጨዋታው የማስገባበትን መንገድ፣ እንዲህ ያለ ጨዋታ የመራችሁ ሰዎች ከመጪው ቅዳሜ በፊት ብትጠቁሙኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።